ከእትዬ ይታይሽ ቧንቧ የወጣው ቀይ ውሃ

ኦሪት ከመስቀል ወዲህ በተቅማጥ ስትያዝ ይህ ሦስተኛዋ ነበር። የስድስት ዓመቷ ልጅ ጤና ጣቢያው አልጋ ላይ ከንፈሯ ደርቆ፣ ዓይኗ ወደ ውስጥ ገብቶ ተኝታለች፤ እናቷ ልክየለሽ አጠገቧ ቆማለች። ነርሷ በውሃ የሚበጠበጠውን ጨው እያቀበለቻት፣ «የምትጠጣው ውሃ ከየት ነው?» ብላ ጠየቀቻት።

«ከቧንቧ ነው» አለች ልክየለሽ።

«ታፈያለሽ?»

«የቧንቧ እኮ ነው። ከመሬት ሆድ የሚወጣ ውሃ ምን ነክቶት ይፈላል?»

ነርሷ ካርዱ ላይ የጀመረችውን ጽፋ ስትጨርስ ቀና አለች። «ምን እንደነካው እኔ አላውቅም። በአንድ ወር ተኩል ሦስት ጊዜ ግን ብዙ ነው። ሰውነቷ አልቋል። አራተኛ እንዳታመጫት፤ አፍልተሽ አጠጫት።»

ልክየለሽ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት አንድ ድስት፣ ማታ አንድ ድስት ታፈላ ጀመር። ከሰሉ ቶሎ ያልቃል። ልጅቱም ልጅ ናት፤ ስትሮጥ ውላ ሲጠማት የፈላው እስኪበርድ አትጠብቅም፤ ዘወር ሲሉላት ወደ ቧንቧው ወርዳ በእፍኟ ትጠጣለች። ከከሰሉም በላይ ልክየለሽን እረፍት የነሳት ግን ጥያቄው ነበር። ንጹሕ ነው እየተባለ የሚመጣ ውሃ የሚበላሸው የት ቦታ ላይ ነው?

መጀመሪያ የጠየቀችው ባሏን ሸጋውን ነው። ሸጋው ጋሪ ነጂ ነው፤ የዚያን ቀን የፈረሱን ልጓም ይጠግን ነበር።

«አንቺ ፊደል ከቆጠርሽ ወዲህ የማትጠይቂው የለም» አላት። «ትናንት ፈረሱ ለምን ቆሞ ይተኛል አልሽኝ። ዛሬ ደግሞ ውሃ።»

«እሱንም አልነገርከኝ። ለምንድን ነው ቆሞ የሚተኛ?»

«ፈረሱን ጠይቂው።»

ቀጥላ የጠየቀችው ይሄነውን ነው። ይሄነው የከተማዋ ውሃ አገልግሎት ሠራተኛ ነው፤ በወር አንድ ጊዜ ትንሽ ሳጥን አንጠልጥሎ ይመጣና ከሰፈሩ ግርጌ፣ መንገድ ዳር ካለው ከእትዬ ይታይሽ ቧንቧ ውሃ ይቀዳል። ጣት በምታህል ብልቃጥ ያደርገዋል፣ አንዲት ክኒን ይጥልበታል፣ ይወዘውዘዋል። ውሃው ፈዘዝ ያለ ሮዝ ሲሆን፣ «ይኸው፣ መድኃኒቱ አለ፤ ጠጡ» ብሎ ይሄዳል። ልክየለሽ ከጤና ጣቢያ በተመለሰች ሳምንት መንገድ ላይ አግኝታ አስቆመችው።

«ወንድሜ፣ ይሄ ውሃ ከየት ተነሥቶ ነው እኛ ጋ የሚደርሰው? ከመጀመሪያው ንገረኝ።»

ይሄነው እንዲህ ያለ ጥያቄ ጠይቆት የሚያውቅ ሰው ስላልነበረ ሳጥኑን መሬት ላይ አስቀምጦ ነገራት። ከሜዳው ማዶ ከመቶ ሜትር በላይ ተቆፍሯል፤ ፓምፑ ከዚያ ስቦ ኮረብታው ላይ ወዳለው ታንከር ይገፋዋል፤ ታንከሩ ውስጥ ክሎሪን ይጨመርበታል፤ ከዚያ በራሱ ጊዜ በመስመሩ ቁልቁል ይወርዳል።

«እና የኛን ቤት ለክተኸው ታውቃለህ?»

«መስመሩ አንድ ነው እህቴ። የእትዬ ይታይሽ ደህና ከሆነ የናንተም ደህና ነው።»

«ውሃ በሌለበት ቀንስ ትለካለህ?»

ይሄነው ሳቀ። «ውሃ ከሌለ ምኑ ይለካል?»

እሷም አብራው ሳቀች። መልሱ ግን ልቧን አላሳረፈውም።

የሰፈሩ ነገር እንዲህ ነው። ውሃ የሚመጣው በፈረቃ፣ ማክሰኞና ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ እኩለ ቀን ላይ ይዘጋል፤ መብራት ከሄደ ደግሞ ፓምፑ ቆሞ ታንከሩ ቶሎ ስለሚያልቅ ከዚያም በፊት ይቋረጣል። የእትዬ ይታይሽ ቤት ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ስለሆነ ቧንቧዋ ከመሬት በላይ ቆሞም ውሃው እንደ ልቡ ይወርድላታል። ከእሷ በላይ ያሉት ቤቶች ግን ዳገት ላይ ናቸው፤ ውሃው እስከ ወገብ ከፍ ብሎ በቧንቧው ለመውጣት ጉልበት የለውም። ስለዚህ የላይ ቤቶች አንድ ዘዴ አላቸው። ቆጣሪው አጠገብ መሬቱን እስከ ወገብ ይቆፍሩና ቧንቧውን ጉድጓዱ ወለል ላይ ያስገቡታል። ውሃው ሽቅብ መውጣት ሲያቅተው ወደ ታች ወርደው ይቀበሉታል ማለት ነው። ሸጋው ይህን የሠራው አምና በኅዳር ነው። ጎኑን በድንጋይ ሰድሮ፣ ወለሉን ሲሚንቶ አድርጎ፣ ሦስት ደረጃ አበጅቶለት ነበር፤ ሰው ሲመጣ ያሳያል። የመጀመሪያ ቀን ውሃው ሲንፎለፎል ልክየለሽ በደስታ ጎረቤት ጠርታለች።

ሌላም ልማድ አለ። የፈረቃው ቀን ይታወቃል እንጂ ሰዓቱ አይታወቅም። ስለዚህ ቧንቧውን ማንም አይዘጋውም። ከፍተው ይተዉትና ሥራቸውን ይሠራሉ፤ ውሃው ሲመጣ እያጉረመረመ ይጠራቸዋል። ሲቀዳ የፈሰሰው፣ ጣሳ ሲታጠብ የተደፋው፣ ዝናብ ሲጥል ከግቢው የወረደው ጉድጓዱ ውስጥ ይጠራቀማል። ብዙውን ጊዜ የቧንቧው አፍ ውሃ ውስጥ ተዘፍቆ ነው የሚውለው።

ቅዳሜ ዕለት ልክየለሽ ስንደዶ ቀይ ቀለም ነከረች። ሙዳይ ሰፍታ ገበያ ስለምታወጣ ቀለም መንከር ለእሷ የተለመደ ሥራ ነው። የነከረችውን ሣር የምታለቀልቀው ደግሞ ውሃው ካለበት፣ ከጉድጓዱ ደረጃ ላይ ተቀምጣ ነው። አለቅልቃ ስትጨርስ ጉድጓዱ ውስጥ ያለው ውሃ እስከ ቁርጭምጭሚት ይደርሳል፤ ቀይ ሆኗል። በዚሁ መሐል መብራት ሄደ። ብዙ ሳይቆይ ቧንቧው አንድ ሁለቴ ተነፈሰ፤ ዝም አለ። እሷም እንደ ወትሮው ከፍታ ትታው ስንደዶውን አጥር ላይ ልታሰጣ ወጣች።

ስትመለስ ጉድጓዱ ውስጥ ውሃ አልነበረም። ወለሉ ላይ ቀይ እርጥበትና ሁለት የሣር ቁራጭ ብቻ ቀርቷል።

ደረጃው ላይ ቆማ አየችው። መሬት ጠጣው እንዳትል ወለሉ ሲሚንቶ ነው። ሰው ቀዳው እንዳትል ግቢው ውስጥ ማንም የለም። ገና ስታሰላስል የግቢው በር ተንኳኳና እትዬ ይታይሽ ጆግ ይዛ ገባች። እትዬ ይታይሽ ስድሳ ያለፋት፣ የሟች ልጇን ልጅ ሀይማኖትን የምታሳድግ ሴት ናት፤ ስትናደድ በአገውኛ ትጀምርና በአማርኛ ትጨርሳለች።

«እስቲ እይው ልኬ» አለች ጆጉን እያቀረበች። «መድኃኒቱን አብዝተውት ቀይ አድርገው ለቀቁብን።»

ውሃው የቀላ ነበር። በጣም አይደለም፤ በጠራ ጆግ ሲያዩት ግን ይታያል።

«ከየት ቀዱት?» አለች ልክየለሽ።

«ከቧንቧዬ ነዋ። መብራት ሲሄድ መጨረሻ መጨረሻ የሚወርደውን ስቀዳ ይሄ መጣ። ያ ልጅ ክኒን ሲጥልበት እንዲህ አልነበር የሚሆነው? ሲቀላ ደግ ነው አላለንም?»

«እሱ እኮ ብልቃጥ ውስጥ ነው እትዬ።»

«ታዲያ አሁን ቧንቧ ውስጥ ሆነ። ለጥጃዋ ሰጠኋት፤ አሽትታ ዞራ ሄደች። ጥጃ የናቀችውን እኔ ለሀይማኖት ላጠጣት? አሁን ደውዬለት፣ ማክሰኞ እመጣለሁ ብሏል። የሚለውን እሰማለሁ።»

ልክየለሽ ቀለሙን አውቃዋለች። እጇ ጣቶች መሐል ያለው ቀለም ነው። እጇን ከነጠላዋ ሥር አስገባች። አንድ ቃል ልትናገር አፏን ከፈተች፤ ከአፏ የወጣው ግን «አይጠጡት እትዬ፣ ይድፉት» የሚል ብቻ ነበር። እትዬ ይታይሽ ጆጉን አጥር ሥር ደፍታ ሄደች።

ያን ቀን ልክየለሽ የኦሪትን ግንባር ሰባት ጊዜ ዳሰሰች። ምን ማለት ነው ይሄ? ከእኔ ጉድጓድ የወጣ ቀለም እንዴት እታች ቤት ይደርሳል? ውሃ ወደ እኛ ይመጣል እንጂ ከእኛ ይሄዳል እንዴ? ደግሞስ ቀለሙ የሄደበት መንገድ፣ ጉድጓዱ ውስጥ ሲጠራቀም የከረመው ሁሉ ሄዶበት ከሆነስ? ሀይማኖትም በመስቀል ሰሞን እንደ ኦሪት ታማ ነበር። እትዬ ይታይሽ ጠበል ወስዳት ነው የዳነች።

እሑድ ከጸሎት ቤት ስትመለስ ደብተሯን አወጣች። የጎልማሶች ትምህርት የምታስተምራቸው ፀደይ ከነሐሴ ጀምሮ፣ በየቀኑ ቤት ውስጥ የሆነውን አንድ ሁለት መስመር እንዲጽፉ አዛቸዋለች። ልክየለሽ የቤት ሥራውን አንድም ቀን አላስታጎለችም። የጻፈችውን ግን ተመልሳ አንብባው አታውቅም ነበር። ጣቷን ከፊደሉ ሥር እያስኬደች ወደ ኋላ ገለጠች።

«ማክሰኞ። ዝናብ ጣለ። መብራት ሄደ። ውሃ ቆመ።» ከሁለት ቀን በኋላ፣ «ሐሙስ። ኦሪት ታመመች።»

ገለጠች። «ቅዳሜ። ልብስ አጠብኩ። መብራት ሄደ።» ከታች፣ «ሰኞ። ኦሪት ታመመች። ጤና ጣቢያ ሄድን።»

ሦስተኛውም እንደዚያው ነበር። መብራት የሄደበት ቀን፣ ኦሪት የታመመችበት ቀን፣ ሁሉም በራሷ እጅ ተጽፏል። መብራት ሄዶ ኦሪት ያልታመመችበት ቀንም አለ፤ ፈልጋ አገኘችው፤ እሱን አልደበቀችም። በዚያ ቀን ግን ልጅቱ አያቷ ቤት ነበረች። ልክየለሽ ደብተሩን ዘጋችና ማክሰኞን መጠበቅ ያዘች።

ማክሰኞ ውሃው ማልዶ መጣ። ቀድታ ጀሪካኖቹን ሞላችና ሥራዋን ሁሉ ትታ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ረፋዱ ሲያልፍ ውሃው እየቀጠነ፣ እየቀጠነ ሄደ። ልክ ሲቆም አንድ ገለባ ከመሬት አንሥታ የተጠራቀመው ውሃ ላይ ጣለች። ገለባው ለጥቂት ጊዜ ባለበት ቆመ። ከዚያ ቀስ እያለ መዞር ጀመረ፤ ወደ ቧንቧው ሄደ፤ አፉ ላይ ሲደርስ ጭልጥ ብሎ ገባ።

ልክየለሽ ጫማዋን አውልቃ ወረደች። መዳፏን ቧንቧው አፍ ላይ አደረገችው። ቧንቧው ሳባት። ጥጃ ጣት ስትጠባ እንዳለው ነው፤ ለስለስ ያለ፣ ግን የማይለቅ። እጇን ነጠቀችው። መልሳ አደረገችው። ሦስት ጊዜ ሞከረችው፤ ሦስት ጊዜም ሳባት።

ይሄነው ከሰዓት መጣ። እትዬ ይታይሽ ግቢ ውስጥ ሰው ተሰብስቧል። ከልክየለሽ በላይ ያለው ቤት ባለቤት በዛብህ፣ ግንበኛው፣ እጁን አጣምሮ ከፊት ቆሟል።

«ወር በቆጠረ ቁጥር ክፍያ ትላላችሁ» አለው ይሄነውን። «ደግሞ ቀለም ታጠጡናላችሁ። እኛ ቀለም አዘዝን?»

«ጋሼ በዛብህ፣ ክሎሪን ውሃ አያቀላም» አለ ይሄነው። እትዬ ይታይሽ ቅዳሜ በጀሪካን ካስቀረችው ቀይ ውሃ ቀድቶ ብልቃጡን ለፀሐይ ይዞ ቆየ። ሽቅብ አየው፣ ቁልቁል አየው። «ዝገት ሳይሆን አይቀርም። መስመሩ አርጅቷል። ዝገት ብዬ አስመዘግባለሁ፤ አንድ ቀን እናጥበዋለን።»

«ዝገት» አለች እትዬ ይታይሽ፤ ቃሉን እየቀመሰችው። «ዝገት ከሆነስ አይገድልም።»

ነገሩ በዚህ ሊያልቅ ነበር። ሰዉ መበተን ጀመረ። ልክየለሽ እንዲያልቅ ፈለገች፤ ለአንድ አፍታ ከልቧ ፈለገች። ሀይማኖት ግን ከአያቷ ቀሚስ ሥር ብቅ ብላ፣ አውራ ጣቷን እየጠባች ታያት ነበር።

«ዝገት አይደለም» አለች ልክየለሽ። «የኔ ቀለም ነው። ስንደዶ ነክሬበት ነው።»

ሁሉም ዞሩ። እጇን ከነጠላዋ አውጥታ አሳየቻቸው። ከዚያ ከቅዳሜ ጀምሮ ያለውን በቅደም ተከተል ነገረቻቸው፤ ጉድጓዱን፣ መብራት መሄዱን፣ ገለባውን፣ መዳፏን። ይሄነው ሳጥኑን ዘግቶ ሰማት። ተናግራ ስትጨርስ፣ «ውሃው ሲቆም እኮ መስመሩ ባዶ አይቀመጥም» አለ፤ ለሰው ሳይሆን ለራሱ የሚነግር ይመስላል። «እታች ያለው ሲቀዳ ላዩን ይስባል። ክፍት ያገኘውን ሁሉ ይስባል። እኔ የምለካው ውሃ ሲኖር ነው።»

እትዬ ይታይሽ በአገውኛ ረጅም ነገር ተናገረች። ልክየለሽ ትርጉሙን አልጠየቀችም።

«ዓመት ሙሉ እጣቢሽን ስጠጣ ኖሬያለሁ በይኛ» አለች በመጨረሻ በአማርኛ።

«ዓመት አልሞላም እትዬ። ከኅዳር ወዲህ ነው።»

አንድ ሰው ከኋላ ሳቀ። እትዬ ይታይሽ አልሳቀችም። «ይቺ ልጅ አልጋ ላይ ስትማቅቅ አብረሽኝ አድረሻል፣ ልኬ። ውሃ በማንኪያ ስታንቆረቁሪላት ነበር።»

«አላወቅሁም ነበር። ባውቅ ኖሮ ኦሪትንስ አጠጣት ነበር?»

«ጉድ እኮ ነው» አለ በዛብህ ራሱን እየነቀነቀ። «ሰው በገዛ ጎረቤቱ…»

«ጋሼ በዛብህ» አለው ይሄነው፣ «የርስዎ ቧንቧ የት ነው ያለው?»

በዛብህ ያጣመረውን እጁን ፈታ። የእሱ ጉድጓድ ከሁሉም የጠለቀ መሆኑን የማያውቅ አልነበረም። ልክየለሽ ሽቅብ የእሱን ቤት አየች፤ ቁልቁል የራሷን አየች። ጥላቻ አልነበረም ፊቷ ላይ፤ እንደ ልማዷ ልታውቅ ነበር የፈለገችው።

«ታዲያ ኦሪት የጠጣችው የማንን ነው?» ብላ ጠየቀች። «የኔን ነው ወይስ የርስዎን?»

ሰዉ አንድ በአንድ ወደየቤቱ ሄደ።

ሸጋው ፈረሱን ፈትቶ ሲገባ ልክየለሽ በሩ ላይ ጠበቀችው። «ቧንቧውን ወደ ላይ አውጣልኝ» አለችው።

«ምን ሆንሽ? ወደ ላይ ካወጣሁት ጠብ አይልም።»

«ጠብ አይበል።»

«ምን ልንጠጣ ነው ታዲያ?»

«ጋሪ አለህ። ከቦኖ ትጭናለህ።»

«ጋሪው እንጀራችን ነው፤ የውሃ ቦቴ አይደለም። ስንት ቀን ቆፍሬ፣ ስንት ድንጋይ ተሸክሜ የሠራሁትን…»

«ነገ ጠዋት ኦሪት ስትጠይቅህ ይህንኑ ብለህ ንገራት።»

ሸጋው ፊቱን አዞረ። ልክየለሽ አልተጣላችውም። በነገሩ ሁሉ ላይ ሐሳቧን የለወጠው ገለባና መዳፍ መሆኑን ታውቃለችና እስከ ቅዳሜ ታገሠችው። ቅዳሜ ውሃው ሊቆም ሲል ከቤት ጠራችውና ጉድጓዱ ውስጥ አወረደችው። «እጅህን አድርግበት» አለችው። አደረገ። ለተወሰነ ጊዜ አጎንብሶ ቆየ። ከዚያ እጁን አውጥቶ ሱሪው ላይ ጠረገው፤ አሁንም መልሶ ጠረገው።

«ይሄ ነገር ሁልጊዜ እንዲህ ነው?» አለ።

«ውሃ በቆመ ቁጥር።»

ሸጋው ደረጃውን ወጥቶ መፍቻ ፍለጋ ሄደ። ሲመሽ ቧንቧው ከመሬት በላይ ቆሞ፣ ጉድጓዱ በአፈር ተሞልቶ ነበር።

በሚቀጥለው ፈረቃ የወጣው ውሃ ክር ያህል ነው። አንድ ጆግ ለመሙላት ልክየለሽ ስንደዶ ሰፍታ ሁለት ዙር ጨረሰች። ሸጋው ጀሪካን ጭኖ ከቦኖ አመጣ፤ በየመንገዱ ደንበኛ ሲያስቆመው «ዛሬ ውሃ ነኝ» እያለ ያልፋል። በሦስተኛው ፈረቃ እትዬ ይታይሽ ሀይማኖትን ልካ፣ «ጀሪካንሽን ይዘሽ ውረጂ» አለቻት። ልክየለሽ ወረደች። እትዬ ይታይሽ ቧንቧውን ከፈተችላት፤ ስለ ቀለሙ አንድም ቃል አላነሣችም፤ ሁለተኛው ጀሪካን ሲሞላ ብቻ፣ «ያ ግንበኛስ አወጣ?» አለች።

«ገና ነው።»

«ላይ ያለው ካላወጣ እኔና አንቺ ምን ተረፈን?»

ልክየለሽ ማፍላቱን አልተወችም። ኦሪትም የፈላው አይጣፍጠኝም እያለች ታስቸግራት ነበር። «ከቧንቧው የምጠጣው መቼ ነው?» ትላታለች። «ጋሼ በዛብህ ቧንቧውን ወደ ላይ ሲያወጣ» ትላታለች እናቷ። ኦሪት ይህን እንደ ቀጠሮ ያዘችው። ትምህርት ቤት ስትሄድና ስትመለስ በበዛብህ በር ማለፍ አለባት፤ ባለፈች ቁጥር አጥሩ ላይ ተንጠልጥላ፣ «ጋሼ፣ መቼ ነው የሚያወጡት?» ትለዋለች። «እናትሽ ናት የላከችሽ?» ይላታል። «ውሃ ጠምቶኝ ነው» ትለዋለች። በዛብህ መጀመሪያ ሳቀ፤ ከዚያ እሷ የምታልፍበትን ሰዓት ቤት ውስጥ ማሳለፍ ጀመረ።

አንድ ቀን ወደ ማታ በዛብህ ልብሱ ሲሚንቶ ለብሶ ወደ ልክየለሽ ግቢ መጣና በሩ ላይ ቆመ። «ሸጋው፣ መፍቻህን አውሰኝ» አለ። ሸጋው ከመነሣቱ በፊት ልክየለሽ መፍቻውን ከግድግዳው አውርዳ ሰጠችው።

ኦሪት ከእናቷ ጎን ሆና ቀና ብላ አየችው።

«ጋሼ፣ ከርስዎ በላይስ ማን ነው ያለው?»

በዛብህ መፍቻውን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛውሮ፣ በአገጩ ዳገቱን አመለከታት። «ቢሻው ነው» አላት።